መብረቅን የጠበቁት ቦይስ

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻርልስ ቬርነን ቦይስ (1855–1944 እ.ኤ.አ.) አስቀድሞ የታወቁት ከኳርትዝ በሳቡት እጅግ ቀጭን ክርና በእርሱ አማካይነት የስበትን ቋሚ ቁጥር በመለካታቸው ነበር። በ1900 ፊታቸውን ወደ መብረቅ መለሱ። የሠሩት ካሜራ በሚሽከረከር ዲስክ ዳርና ዳር የተተከሉ ሁለት ሌንሶች ነበሩት፤ ሌንሶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ሁለቱ ምስሎች በተቃራኒ ወገን ይዛባሉ፤ ከልዩነታቸውም የመብረቁ አቅጣጫና ፍጥነት ይሰላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መብረቅ ግን በቀጠሮ አይመጣም። ቦይስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ጠበቁ፤ የተሳካላቸውም በ1928 በአሜሪካ፣ ቱክሲዶ ፓርክ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 73 ደርሶ ነበር። በ1930ዎቹ፣ ነጎድጓድ በሚበዛባት ደቡብ አፍሪካ፣ ባሲል ሾንላንድና ባልደረቦቻቸው በዚሁ ካሜራ፣ ደካማው መሪ ብልጭታ ከደመና በደረጃ እየወረደ ምድር ሲደርስ ደማቁ ምት ወደ ላይ እንደሚመለስ አሳዩ። ውጤቱ ሲታተም ቦይስ በሕይወት ነበሩ።