ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ምርምር

የአንድ አገር የምርምር መመሪያ በምን ላይ ይመሥረት የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር፣ የመንግሥታት አማካሪዎች ዓይን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ከሩቅ በሚመጣ ረቂቅ መሣሪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የአቶም ኃይል ለሰላማዊ ተግባር ስለሚውልበት መንገድ በጄኔቭ ታላቅ ጉባኤ ከተካሄደ ወዲህ፣ ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፖች ለሕክምናና ለእርሻ የሚሰጡት አገልግሎት ብዙ ተስፋ አሳድሮ ነበር። ኢትዮጵያም በ1957 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት አባል ሆነች። በዚያው ዘመን የተነሡት ዶክተር አክሊሉ ለማ ግን ታላቅ ምርምር ከልብስ ማጠቢያ ወንዝ ዳርም ሊጀመር እንደሚችል በሥራ አስመሰከሩ።

ዶክተር አክሊሉ በ1935 በጅጅጋ ተወለዱ። በአሜሪካ ተምረው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። የጥናታቸው ዓላማ ቢልሃርዚያ ነበር። ይህ በሽታ ከማክሰኝት አካባቢ የሚወርዱ ወንዞች በሚገቡበት በጣና ሐይቅ ዳርቻም በሚገባ የታወቀ ነው። የበሽታው ትል በውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ አድጎ፣ ውሃው ውስጥ የሚገባውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ስለሚገባ፣ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት በሽታውን ከሚገቱት መንገዶች አንዱ ነው። በዚያው በ1964 ዶክተር አክሊሉ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ሕዝቡ ለዘመናት በሳሙናነት የተገለገለበት ተክል፣ የበሽታው ተሸካሚ መድኃኒት መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ከዚህ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ልዩ ልዩ የእንዶድ ዝርያዎችን አወዳድረው ብርቱ የሆኑትን መረጡ። በዓድዋ ለአምስት ዓመታት በተደረገው ሙከራ በበሽታው የተያዘው ሕዝብ ከመቶ 63 ወደ 33 ዝቅ አለ። ከእንዶድ የተለየው ንጥረ ነገርም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ።

ይሁን እንጂ ውጤቱ በሰፊው ሥራ ላይ ሊውል አልቻለም። የእንዶድ ደኅንነት በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ባለው ቤተ ሙከራ ይረጋገጥ ተባለ፤ እንዲህ ያለው ቤተ ሙከራ ደግሞ በአገር ውስጥ አልነበረም፤ ወጪውም ከባድ ነበር። በዚህም ዓመታት አለፉ። የጥናቱ መንገድ የተከፈተው ዘግይቶ፣ በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ነው። ዶክተር አክሊሉ ከዚህ የቀሰሙትን ትምህርት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሠሩበት ዘመን ሁሉ አልዘነጉትም፤ የአፍሪካ አገሮች የራሳቸውን ግኝት ራሳቸው መርምረው የሚያረጋግጡበት አቅም እንዲገነቡ ያለ መታከት አሳሰቡ።

በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997 አረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ለሙያ ባልደረቦች የተዉት አደራ ግን ከስም ይበልጣል፤ ዕውቀት ከሕዝብ ኑሮ ውስጥ ሲገኝ፣ እስከ ፍሬው የሚያደርስ ቤተ ሙከራና በጀት በአገር ውስጥ እንዲጠብቀው ማድረግ ነው።