ባትሪ የተሸከመችው ጀልባ

በዚህ እትም የታዋቂ ሰዎች ዓምድ ተረኛ እኔ ነኝ። ኒኮላ ቴስላን መርጫለሁ። የክበባችን ልጆች ስለ መብራት ጻፊ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን የምወደው ጀልባውን ነው። በሪሞት የሚሄዱት መኪናዎችና ትንንሽ አውሮፕላኖች ሁሉ ቅድመ አያታቸው እሷ ናት።

ቴስላ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1856 ስሚልያን በሚባል መንደር ነው። መንደሩ ዛሬ በክሮኤሺያ ውስጥ ይገኛል። ቤተሰቡ ሰርቦች ናቸው። አባቱ የኦርቶዶክስ ቄስ ነበሩ፤ እናቱ ደግሞ ለቤት ሥራ የሚሆኑ መሣሪያዎችን በእጃቸው ይሠሩ ነበር። የልጁ እጅ ከማን እንደመጣ እኔ አልጠራጠርም።

በ1884 ኒውዮርክ ገባ። ለኤዲሰን ጥቂት ወራት ሠርቶ ወጣ። ኤዲሰን የሚያምነው በዲሲ ነበር፤ ዲሲ ማለት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው። ቴስላ ወዲያና ወዲህ በሚመላለሰው በኤሲ የሚሠራ ሞተር ፈለሰፈ። ኤሲ ሩቅ ቦታ ለማድረስ ስለሚመች አሸነፈ። በየቤታችን ሶኬት የሚመጣው ኤሲ ነው። በ1895 ቤተ ሙከራው ከነዕቃው ተቃጠለበት፤ እንደገና ከዜሮ ጀመረ።

አሁን ወደ ጀልባዋ። በ1898 ኒውዮርክ ውስጥ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሚባለው አዳራሽ የውኃ ገንዳ ተዘጋጅቶ ቴስላ አንዲት ትንሽ ጀልባ አንሳፈፈ። ገመድ የለ፣ የሚነካት ሰው የለ፤ እሱ ከዳር ሆኖ መሣሪያውን ሲነካ እሷ ትዞራለች፣ መብራቷን ታበራለች። ሕዝቡ ግራ ገባው። አንዳንዱ አስማት ነው አለ፤ አንዳንዱማ ውስጧ የሠለጠነ ጦጣ አለ እስከማለት ደረሰ ይባላል። ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 64 የሚሆነው ቁጥር ስንት ነው ተብላ ተጠይቃ መብራቷን አራት ጊዜ ብልጭ አድርጋለችም ይባላል። መልሱን የሚያውቀው ያው ቴስላ ነው!

ምሥጢሩ ግን ሆዷ ውስጥ ነበር። የሬዲዮ ሞገዱን የምትቀበል፣ የብረት ብናኝ ያለባት ትንሽ ዕቃ ነበረች። ሞገዱ ሲደርስ ብናኙ ከረንት ያሳልፋል፤ ከዚያ ዕቃዋ ትገለበጥና ብናኙ ተራግፎ ለሚቀጥለው ትዕዛዝ ይዘጋጃል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ግን በባትሪ ነው። ጀልባዋን የሚገፋት ሞተርም፣ አቅጣጫ የሚያስለውጣት ትንሹ ሞተርም ከባትሪ ነው የሚጠጡት። ብዙ ልጆች ሪሞቱ መኪናውን የሚገፋው ይመስላቸዋል። አይደለም! ሞገዱ የሚያመጣው ትዕዛዝ ነው፤ ጉልበቱ ያለው እዚያው ተቀባዩ ዘንድ ነው። የታናሽ ወንድሜ መኪና ቀጥ ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ የሪሞቱን ድንጋይ ያወጣል፤ የመኪናውን ማንም አያይም።

መኪና ሲሆን ቆመ ተብሎ ያልፋል። ሞዴል አውሮፕላን ከሆነ ግን የተቀባዩ ባትሪ አየር ላይ ካለቀ ማንንም አይሰማም፤ ሰው ላይም ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ለተቀባዩ የራሱ ባትሪ የሚደረግለት አለ፤ ብዙ ጊዜ አራት የኒኬል ድንጋዮች ናቸው። እያንዳንዱ 1.2 ቮልት ስለሆነ በድምሩ 4.8 ቮልት ይሆናሉ። ከሱቅ የምንገዛው ተራ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ ታዲያ እሱ አይሻልም? አይሻልም፤ ክንፍና ጭራውን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች በአንዴ ከረንት ሲስቡ ቮልቱ ቶሎ ይወርዳል። ሊቲየም ደግሞ ቀላል ነው፤ ግን የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል፣ ካበጠም ቻርጅ አይደረግም፤ እሳት ያስነሳል።

ኒኬሉ ላይ 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ካለ፣ በ200 ሚሊአምፒር ቀስ ብሎ ወደ 14 ሰዓት ገደማ ይሞላል። ማታ ሰክተህ ጠዋት ማለት ነው። የሚያስቀኝ ነገር ደግሞ አለ፦ ባትሪ የሚሰጠውም የሚቀበለውም ዲሲ ብቻ ነው። የኤሲው ጀግና ጀልባ የሄደችው በኤዲሰን ወገን ኤሌክትሪክ ነው! ቻርጀሩም አንዱ ሥራው የሶኬቱን ኤሲ ወደ ዲሲ መቀየር ነው።

ቴስላ ባትሪ መሸከሙን ራሱ ማስቀረት የፈለገ ይመስለኛል። በ1901 ከኒውዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ ትልቅ ማማ ማሠራት ጀመረ፤ ወሬ ብቻ ሳይሆን ጉልበትንም ያለ ሽቦ ሊልክበት አስቦ ነበር። ገንዘብ አለቀ። ማማው ሥራ ሳይጀምር ቀረና በ1917 ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ በየሆቴሉ እየኖረ፣ እርግቦች እየመገበ አረጀ። አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1943 ኒውዮርክ ውስጥ በሆቴል ክፍሉ ብቻውን አረፈ፤ 86 ዓመቱ ነበር። ቀኑ በእኛም፣ በአባቱ ቤተ ክርስቲያንም የገና ዕለት ነበር።