ብሌዝ ፓስካል፦ ማለቂያ የሌለውን በሁለት እርምጃ ያረጋገጠ ሊቅ

ፈረንሣዊው የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 1623 በክሌርሞን ከተማ ተወለደ። እናቱን ገና በሦስት ዓመቱ በሞት ያጣ ሲሆን፣ አባቱ ኤቲየን ፓስካል በቤት ውስጥ እያስተማሩ አሳድገውታል። በጂኦሜትሪ ላይ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1640 ታትሟል። አባቱ በሩዋን ከተማ በግብር ሥራ ላይ በተመደቡበት ወቅትም የስሌት ድካማቸውን ለማቃለል ከ1642 ጀምሮ የመደመሪያና የመቀነሻ መሣሪያ ሠርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1654 ግን ትኩረቱን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ወደሚደረደሩ ቁጥሮች አዞረ። በዚህ ድርድር የየረድፉ ጫፍ 1 ሲሆን፣ በመካከል ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ከበላዩ ያሉት የሁለት ጎረቤታሞች ድምር ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ረድፎች ድምር በቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 4 እና 8 ይሆናል። ይህ እጥፍ እየሆነ የመሄድ ሥርዓት ለዘለዓለም ይቀጥላልን? ረድፎቹ ማለቂያ ስለሌላቸው አንድ በአንድ ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም።

ፓስካል ስለዚሁ ድርድር በጻፈው መጽሐፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ሁለት እርምጃዎች እንደሚበቁ በግልጽ አስቀመጠ። አንደኛው አባባሉ በመነሻው እውነት መሆኑን ማሳየት ነው። ሁለተኛው በአንዱ ረድፍ እውነት ከሆነ በቀጣዩም የግድ እውነት እንደሚሆን ማረጋገጥ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር በቀጣዩ ረድፍ ሁለት ጊዜ ስለሚደመር፣ ድምሩ ሁልጊዜ እጥፍ ይሆናል። የየረድፉ ድምር ከረድፉ ተራ ቁጥር እንደማያንስም በዚሁ መንገድ ይረጋገጣል፤ ድምሩ በእጥፍ ሲያድግ ተራ ቁጥሩ የሚጨምረው በአንድ ብቻ ነውና።

ከእርሱ አስቀድሞ ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ማውሮሊኮ እ.ኤ.አ. በ1575 በታተመው መጽሐፉ የጎዶሎ ቁጥሮችን ድምር በተመሳሳይ አካሄድ መርምሯል። ሁለቱን እርምጃዎች ለይቶ በማስቀመጥ ረገድ ግን የፓስካል ድርሻ የላቀ እንደሆነ ይነገራል። ዘዴው በአሁኑ ወቅት ማቲማቲካል ኢንዳክሽን በመባል ይታወቃል።

ይሁንና ፓስካል የድካሙን ፍሬ ለማየት አልታደለም። በ1654 ማብቂያ ገደማ አብዛኛውን ጊዜውን ለሃይማኖታዊ ሕይወትና ጽሑፍ ያዋለ ሲሆን፣ በሕመም ሲሰቃይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 1662 በ39 ዓመቱ በፓሪስ ከተማ አረፈ። መጽሐፉ ለአንባብያን የቀረበው ከሦስት ዓመታት በኋላ፣ በ1665 ነበር።

ዕድሜው አጭር ቢሆንም ያስተላለፈው ዘዴ ዛሬም በየትምህርት ተቋማቱ የሒሳብ ተማሪዎች ማለቂያ የሌላቸውን ቁጥሮች የሚመለከቱ ሕጎችን የሚያረጋግጡበት ዋነኛ መሣሪያ ሆኖ ቀጥሏል።