የዊልያም ፋር ሕይወትና የበሽታዎች ዝርዝር

የሕመምተኛን በሽታ በቁጥር ለይቶ መመዝገብ ለብዙ ባልደረቦቻችን ከሕክምናው የተረፈ የጸሐፊ ሥራ ይመስላቸዋል። ለዚህ አሠራር መሠረት ከጣሉት ሰዎች ዋነኛው ግን ራሱ ሐኪም ነበር።

ዊልያም ፋር በ1807 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር፣ በሽሮፕሺር አውራጃ፣ ኬንሊ በምትባል መንደር ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። በአንድ ባለርስት ድጋፍ አድጎ በፓሪስና በለንደን ሕክምና ተማረ። የልደትና የሞት ምዝገባ በሕግ ከተደነገገ ብዙም ሳይቆይ በጠቅላይ መዝገብ ቤት ተቀጥሮ አርባ ዓመት ገደማ አገለገለ። ሥራውን ሲጀምር ያገኘው መዝገብ እጅግ የተዘበራረቀ ነበር። አንዱ በሽታ በሦስትና በአራት ስም ይጠራል፤ አንዱ ስም ደግሞ ለተለያዩ በሽታዎች ይውላል፤ መነሻው በሽታ ተዘልሎ ያስከተለው መዘዝ ብቻ የሚጻፍበትም ጊዜ ብዙ ነው።

የዚህ ጉድለት ክብደት በ1847 ኢንፍሉዌንዛ ለንደን በገባ ጊዜ በግልጽ ታየ። በኢንፍሉዌንዛ ስም የተመዘገቡት ሟቾች ጥቂት ነበሩ፤ የቀሩት በሳንባ ምች፣ በብሮንካይተስና በመሳሰሉት ስሞች ሥር ተበትነው ነበር። ፋር በወረርሽኙ ሳምንታት የሞተውን ሰው ብዛት በዚያው ወቅት እንደ ልማዱ ከሚሞተው ጋር አነጻጽሮ ትርፉን አሰላ፤ በሽታው የፈጃቸው ሰዎች በስሙ ከተጻፉት እጅግ እንደሚበልጡም አሳየ። በእኔ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው ይህ ነው።

ፋር ስለ ቫይረስ የሚያውቀው አልነበረም፤ ቫይረሶች መታወቅ የጀመሩት እርሱ ከሞተ በኋላ ነውና። ፈንጣጣን፣ ኩፍኝንና ኮሌራን በአንድ ምድብ ያስቀመጣቸው በሰውነት ውስጥ እንደ እርሾ የሚያቦካ ነገር አለ በሚል አሳብ ነበር። ኮሌራንም ለረጅም ጊዜ በተበከለ አየር ሲያመካኝ ኖሮ፣ በ1866ቱ የለንደን ወረርሽኝ የገዛ ራሱ ቁጥሮች ወደ ውኃው መሩት። ሆኖም መንስኤውን ቢስትም ወረርሽኞችን ለብቻ ማሰባሰቡ ጠቀመ፤ በሽታ የሚከላከል ባለሥልጣን በአንድነት ሊያያቸው የሚገባው እነርሱን ነውና።

በ1853 ብራስልስ ላይ የተሰበሰበው የስታቲስቲክስ ጉባኤ ለአገሮች ሁሉ የሚሆን ዝርዝር እንዲያዘጋጁ ፋርንና የጄኔቫውን ማርክ ዴስፒንን መረጠ። ሁለቱ መሠረታቸው የተለያየ ዝርዝሮች በ1855 ስላቀረቡ ጉባኤው አስታራቂ ዝርዝር ተቀበለ፤ ውሎ አድሮ ያሸነፈው ግን የፋር አደረጃጀት ነው። እርሱ ራሱ የመዝገብ ቤቱ የበላይነት ለሌላ ሰው በመሰጠቱ በ1880 ሥራውን ለቀቀ፤ በ1883ም ዐረፈ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ዣክ በርቲዮን ቺካጎ ላይ ያቀረበው ዝርዝር የፋርን መርሕ ተከተለ፤ ከ1948 ጀምሮም ኀላፊነቱን የዓለም ጤና ድርጅት ወሰደ።

በዚህ ዓለም አቀፍ ዝርዝር 10ኛ እትም ውስጥ የመጀመሪያው ምዕራፍ የተላላፊ በሽታዎች ነው። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ በ1976 ቢጠፋ፣ ከዓለምም መጥፋቱ በ1980 ቢታወጅ፣ መለያው ቢ 03 ለክትትል ሲባል አልተሰረዘም። በ2020 ደግሞ ለኮቪድ 19 ሁለት መለያዎች ወጡ፤ ዩ 07.1 ቫይረሱ በላቦራቶሪ ለተረጋገጠበት ሕመምተኛ፣ ዩ 07.2 ሐኪሙ በሽታውን በምልክቱ ለይቶት ምርመራው ላልተገኘለት ወይም ውጤቱ ቁርጡን ላልለየለት።