ጆን ፖስቴል፦ የኢንተርኔት ቁጥሮች መዝጋቢ

በእሪ በከንቱ የተተከለ ራውተር ለቤቱ ኮምፒዩተሮች አድራሻ ሲያድል፣ በፖርት 80 ከውጭ የሚመጣን ጥያቄም ወደ ድረ ገጽ አገልጋዩ እንዲያሳልፍ ሲታዘዝ፣ ቁጥሩ በዓለም ሁሉ አንድ ትርጉም ይዞ የሚገኘው በአብዛኛው በጆን ፖስቴል ድካም ነው።

ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1943 በካሊፎርኒያ ተወለዱ። በሎስ አንጀለስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ በአርፓኔት ሥራ ተሳተፉ፤ በ1972 የአገልግሎት ቁጥሮች በአንድ መዝገብ እንዲያዙ ሐሳብ አቀረቡ፤ በ1974 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በ1981 አድራሻንና ፖርትን የሚደነግጉት የኢንተርኔት ፕሮቶኮልና የቲሲፒ ሰነዶች በእርሳቸው አርታዒነት ወጡ። ኢትዮጵያም በ1995 የራሷን የአገር መለያ ስያሜ ያገኘችው እርሳቸው ከሚመሩት መዝገብ ነበር።

ይሁንና ሥልጣናቸው ከሕግ ይልቅ በባለሙያዎች አመኔታ የቆመ ነበር። በጃንዋሪ 1998 ከሥር ስያሜ አገልጋዮች መካከል ስምንቱ የእርሳቸውን ኮምፒዩተር እንዲከተሉ አደረጉ፤ የአሜሪካ መንግሥት ግን ወደ ነበረበት እንዲመለስ አስገደዳቸው። በሴፕቴምበር መጨረሻ መዝገቡን የሚረከበው አይካን ተቋቋመ። ፖስቴል ኦክቶበር 16 ቀን በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። አንድ ሰው በአመኔታ ይዞት የኖረው መዝገብ ከዚያ ወዲህ በተቋም እጅ ይገኛል።