ሊቁ መነኵሴ አባ ገብረ ሚካኤል

ጎጃም የሊቃውንት አገር መሆኗ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። ከደብረ ማርቆስ ብዙ የማይርቀው ደብረ ኤልያስ በቅኔ ቤትነቱ የታወቀ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያምና ዋሸራም እንደዚሁ በየሙያቸው ስም አላቸው። በእነዚህ ቦታዎች የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከየመንደሩ ቍራሽ እየለመነ፣ ቀን በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ሌሊት በጎጆው ውስጥ የሰማውን እያሰላሰለ ሲማር ኖሯል። አንዱን ትምህርት ሲጨርስ ሌላውን ፍለጋ ወንዝ ይሻገራል እንጂ በቃኝ ብሎ አይቀመጥም። ከዚህ ልማድ ከወጡት ሊቃውንት መካከል የዕውቀት ፍለጋቸው ካይሮ፣ ሮምና ኢየሩሳሌም ድረስ ያደረሳቸው፣ በመጨረሻም ሕይወታቸውን ያስከፈላቸው አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ከመርጡለ ማርያም አጠገብ ዲቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንደኛው ዓይናቸው ጠፋ። በአገራችን ልማድ አካሉ የጎደለ ልጅ ለእርሻና ለጦርነት አይሆንም ተብሎ ብዙ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይላክ ነበር። አባ ገብረ ሚካኤልም በአንድ ዓይናቸው ብራና ሲያነቡ አደጉ። ንባቡንና ዜማውን፣ ቅኔውንና የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ከተማሩ በኋላ በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኰሱ።

የምንኵስናን ቆብ መድፋት ግን ለእርሳቸው የፍለጋቸው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልሆነላቸውም። በዙሪያቸው የሚያዩት የመነኮሳት ኑሮ በመጻሕፍት ከተጻፈው ሥርዓት ጋር አልስማማ አላቸው። ስሕተቱ የት እንደ ተጀመረ ለማወቅ የምንኵስናን ታሪክ ከሥሩ መመርመር አሰቡ። ስለዚህ ከአለቃቸው ፈቃድ ተቀብለው ከገዳም ወደ ገዳም መዞር ጀመሩ። ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን የመሳሰሉትን መጻሕፍተ መነኮሳት የሚያውቅ መምህር ባለበት ሁሉ እየሄዱ ጠየቁ፤ መረመሩ። በመጨረሻም በዚያ ዘመን የትምህርት ማዕከል ወደ ነበረችው ወደ ጎንደር ደረሱ። እዚያም ዕውቀታቸው ስለ ታወቀ ደቀ መዛሙርት በዙሪያቸው ተሰበሰቡ።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር ቤተ መንግሥት ንጉሥ ቢቀመጥም ሥልጣኑ በመሳፍንቱ እጅ ነበር። አገሪቱ በጦር እንደ ተከፋፈለች ሁሉ ሊቃውንቱም ተዋሕዶ፣ ቅባትና ጸጋ እየተባሉ በሃይማኖት ትምህርት ተለያይተው ነበር። ነገሩን በሥልጣኑ የሚቈርጥ ጳጳስም ለብዙ ዓመታት አልነበረም፤ ምክንያቱም ለኢትዮጵያ ጳጳስ የሚላከው ከእስክንድርያ መንበር ስለ ነበረና የቀድሞው ከሞቱ በኋላ ሌላ ስላልመጣ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል እውነተኛውን ትምህርት ለማግኘት መጽሐፍ ቢገልጡም መምህር ቢጠይቁም ልባቸው አላርፍ አለ። ስለዚህ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ መጠየቅን ተመኙ።

ምኞታቸው የተፈጸመው በ1841 ነው። የትግሬና የሰሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞች ወደ ካይሮ ላኩ። አባ ገብረ ሚካኤልም ከመልእክተኞቹ ጋር ሄዱ። ደጃዝማች ውቤ በመንገድ እንዲረዱላቸው የለመኑት አንድ ጣሊያናዊ ካህን ነበሩ። እኒህ ሰው ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ የሚባሉ የላዛሪስት ማኅበር ካቶሊካዊ ሚሲዮናዊ ሲሆኑ ወደ ትግራይ የመጡት በ1839 ነው። እንደ አገሩ ሰው ለብሰው፣ እንደ አገሩ ሰው ጾመው፣ ቋንቋውን ተምረው ስለ ኖሩ በኋላ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ብሎ ጠራቸው። ከመልእክተኞቹ ጋር ለመሄድ የተስማሙት ግን ጉዞው እስከ ሮም እንዲቀጥል ሐሳብ አቅርበው ነው።

በካይሮ ለኢትዮጵያ የተሾሙት ጳጳስ አቡነ ሰላማ ገና ወጣት ነበሩ። ስለ ሃይማኖቱ ክርክር ከሊቃውንት አፍ የጠለቀ መልስ ለመስማት ያን ያህል መንገድ የተጓዙት አረጋዊ መነኵሴ በዚህ ሹመት አልተደሰቱም። በዚያ የተጀመረው አለመግባባት ከብዙ ዓመት በኋላ ከባድ ፍሬ አፈራ። መልእክተኞቹ ከካይሮ ወደ ሮም ተሻግረው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ።

ሮም ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት እንግዳ ከተማ አልነበረችም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ነበር። በ1548 እና በ1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳን በሮም እንዲታተም ያደረጉት የዚያ ቤት መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን ነበሩ። ከመቶ ዓመት በኋላም አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለውን ጀርመናዊ ሊቅ ግእዝና አማርኛ አስተምረውታል። በዚያው ከተማ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ወጣቶችን ለክህነትና ለስብከት የሚያዘጋጅ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከ1627 ጀምሮ ተቋቁሞ ነበር።

ይሁን እንጂ አባ ገብረ ሚካኤል በታላላቅ ሕንፃዎች ግርማ ተማርከው ወዲያው አልወሰኑም። ወደ አገራቸው ተመልሰው መጻሕፍቱን እንደ ገና መረመሩ፤ ከአቡነ ያዕቆብም ጋር ብዙ ጊዜ ተወያዩ። የካቶሊክን እምነት የተቀበሉት በ1844 ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው የደከመበትን ክብር ይዞ ማረፍ ይወዳል፤ እርሳቸው ግን የሊቅነት ስማቸውን ለነቀፋ አሳልፈው ሰጡ። ውሳኔያቸው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ እንደ እምነቱ ሰው ሁሉ ይለያያል። ውሳኔው ከረጅም ምርመራ በኋላ የመጣ መሆኑ ግን የሚያከራክር አይደለም።

ከዚህ በኋላ የአባ ገብረ ሚካኤል ዋና ሥራ ማስተማር ሆነ። አቡነ ያዕቆብ ለካህናት የሚሰጠው ከፍተኛ ትምህርት ከአገሩ ቋንቋና ሥርዓት የተለየ እንዲሆን አልፈለጉም። ስለዚህ በአዲግራት አጠገብ በጓላ፣ እንዲሁም በአሊቴና ለካህናት ትምህርት ቤት ሲቋቋም የአባ ገብረ ሚካኤል ዕውቀት መሠረት ሆነ። ሁለቱ ሰዎች ተባብረው የግብረ ገብ ትምህርት የያዘ የነገረ መለኮት መጽሐፍ ወደ ግእዝ ተረጐሙ፤ ለአገሩ ሰው የሚስማማ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍም አዘጋጁ። ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም። በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች የበሰለውን አነጋገር የኢትዮጵያ ደቀ መዝሙር እንዲያውቀው፣ ለእያንዳንዱ ሐሳብ የሚመጥነውን የግእዝ ቃል መርጦ ማስቀመጥ ያስፈልግ ነበር። አንዱ የውጭውን ትምህርት፣ ሌላው የግእዙን ምሥጢር ባያውቅ ኖሮ መጽሐፉ ባልተፈጸመም ነበር። እንግዳው መምህር ከኢትዮጵያዊው ተማረ፤ ኢትዮጵያዊውም ከእንግዳው።

አቡነ ያዕቆብ በ1849 በምጽዋ የጳጳስነት ማዕርግ ከተቀበሉ በኋላ አባ ገብረ ሚካኤልን ጥር 1 ቀን 1851 ቀሰሷቸው። ተማሪዎችን ለክህነት ሲያዘጋጁ የቆዩት መምህር ራሳቸው ካህን የሆኑት በስድሳ ዓመታቸው ገደማ ነበር።

በዚያን ጊዜ የቋራው ካሣ መሳፍንቱን ተራ በተራ እያሸነፉ ነበር። ካሣ የተበታተነችውን ኢትዮጵያ አንድ ለማድረግ ቈርጠው የተነሡ ሰው ናቸው። የሃይማኖት ክርክር መሳፍንቱን ሲከፋፍል ስላዩ አገሪቱ አንድ ንጉሥና አንድ እምነት እንዲኖራት ፈለጉ፤ ከአቡነ ሰላማም ጋር በዚህ ተስማሙ። በ1854 ከተዋሕዶ ትምህርት ውጪ ሌላው ሁሉ እንዲቀር ታወጀ። በዚያው ዓመት አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል ከጓደኞቻቸው ጋር በጎንደር ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤልና አብረዋቸው የነበሩት ግን እግራቸው በግንድ ታስሮ እምነታቸውን እንዲክዱ ተገደዱ። ግርፋቱም ረኀቡም አሳባቸውን አላስለወጣቸውም።

ካሣ በየካቲት 1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ ወደ ወሎ ዘመቱ። አረጋዊው እስረኛም ሠራዊቱን ተከትለው በሰንሰለት ተጐተቱ። ከብዙ ግርፋት በኋላ ሳይሞቱ ስላዩአቸው ወታደሮቹ በገድሉ ደጋግሞ ሞቶ ከተነሣው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ያመሳስሏቸው እንደ ነበር ይነገራል። ግንቦት 31 ቀን 1855 በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለፍርድ ቀረቡ። የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም በዚያ ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል እምነታቸውን ስላልካዱ የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ ነገር ግን ቆንስሉና ሌሎችም ስለ ለመኑላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

ሠራዊቱ በሚጓዝበት ሁሉ አብረው ሲጐተቱ ቆይተው፣ በበሽታና በድካም ኀይላቸው ተሟጦ፣ በዚያው ክረምት ጨረጫ ገባባ በተባለ ቦታ ዐረፉ። ሰንሰለቱ የወለቀላቸው ከሞቱ በኋላ ነው። በመንገድ ዳር ተቀበሩ፤ መቃብራቸውም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ታሪክ የእነዚህን ሰዎች ፍጻሜ ጎን ለጎን አስቀምጦታል። አቡነ ሰላማ ራሳቸው ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተጣልተው በመቅደላ ታሰሩ፤ በ1867 በእስር ላይ ሳሉ ዐረፉ። በሚቀጥለው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው አምባ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። አቡነ ያዕቆብ በ1860 በስደት መንገድ ላይ ሞተው በሄቦ ተቀበሩ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባ ገብረ ሚካኤልን በ1926 ብፁዕ፣ አቡነ ያዕቆብን በ1975 ቅዱስ ብላ ሰይማለች። በሮም የነበረው ጥንታዊ የኢትዮጵያውያን ማረፊያም በ1919 የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሆኖ ተቋቋመ፤ በኋላም በቫቲካን ግቢ ውስጥ አዲስ ሕንፃ ተሠርቶለት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሚሄዱ ካህናትና ወንድሞች ከፍተኛ ትምህርት የሚከታተሉበት ቤት ሆነ።

ዐፄ ቴዎድሮስ የአገር አንድነት ፈለጉ፤ አባ ገብረ ሚካኤልም እውነትን ፈለጉ። ሁለቱም ከፈለጉት አልተመለሱም። ነገር ግን የአገር አንድነት በጦር ሲጀመር ይቻላል፤ የሰው ልብ ግን በሰንሰለት አይመራም። ከመርጡለ ማርያም የተነሣው አንድ ዓይና ተማሪ ለሚከተሉት ያስተማረው ይህንኑ ነው። ያላወቀውን ለማወቅ መንገድ አልራቀውም፤ ያወቀውን ለማስተማር ዕድሜ አልገታውም፤ ያመነበትንም ለመጠበቅ ሞት አላስፈራውም።