አልፍሬድ ሉካስና የጥንት ዕቃዎች ሕክምና

ከአፋር በረሓ ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ ሲራገፍበት በኖረው በሰቆጣ ገበያ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ጽጽቃ ቆላ ድረስ፣ ጨው ምን እንደ ሆነ የማያውቅ የዋግ ሰው የለም። ጨው ወጥ ያጣፍጣል፤ ሥጋን ከመበስበስ ያድናል፤ በቀድሞው ዘመንም እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ነገር ግን ይኸው ጨው ድንጋይን ሰርስሮ የሚበላ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ ለባልንጀሮቻችን ለማቅረብ ያሰብነው ሰው የጨውን ሁለቱንም ጠባይ ጠንቅቆ ያወቀና በዚህ ዕውቀቱ የጥንት ሰዎችን የእጅ ሥራ ለማዳን ዕድሜውን የሰጠ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ስሙ አልፍሬድ ሉካስ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሉካስ በ1867 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ተወለደ። በሎንዶን ኬሚስትሪ ከተማረ በኋላ በዚያው በመንግሥት ላቦራቶሪ ረዳት ኬሚስት ሆኖ ሲሠራ ሳንባ ነቀርሳ ያዘው። በዚያ ዘመን ለዚህ በሽታ ፍቱን መድኃኒት ስላልተገኘ፣ ሐኪሞች ሕመምተኛውን ደረቅና ሞቃት አየር ወዳለበት አገር ይልኩት ነበር። ስለዚህ በ1897 ወደ ግብጽ ወረደ። ለመሞት የሄደ የሚመስለው ይህ ሰው ከዚያ በኋላ 48 ዓመት ኖረ።

በግብጽ መጀመሪያ የገባው በመንግሥቱ የጨው መሥሪያ ቤት ነበር። ቀጥሎም በምድር ጥናት ላቦራቶሪ ሠራ፤ እያደገም ሄዶ የአገሪቱ የኬሚስትሪ መሥሪያ ቤት ዲሬክተር ሆነ። የሐሰት ጽሕፈትን፣ መርዝንና ጥይትን እየመረመረ ለዳኞች ያስረዳ ስለ ነበር፣ ስለ ወንጀል ምርመራ ኬሚስትሪ በ1921 መጽሐፍ አሳትሟል። የኋላ ሥራውን ስንመለከት፣ ለጥንት ዕቃዎች ያመጣው ጠባይ ከዚህ የተገኘ ይመስለናል፤ ይኸውም ሳይመረምሩ አለመፍረድ ነው።

የዋግን ቆላ አቋርጦ የሚወርደው ተከዜ በአትባራ በኩል ከዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ግብጽ ይደርሳል። በዚያ አገር ከመሬት የሚነሣው እርጥበት ጨውን አሟምቶ ወደ ድንጋዩ ሆድ ያስገባዋል። ውኃው ሲደርቅ ጨው ከፊቱ ሥር ይረጋል፤ ሲረጋም እያበጠ ሥዕሉንና ጽሕፈቱን እየላጠ ይጥለዋል። ሉካስ ለዚህ የሚያዝዘው መድኃኒት ዕቃውን በንጹሕ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ውኃውንም ጨው መስጠቱን እስኪተው ደጋግሞ መለወጥ ነበር። ይሁን እንጂ ውኃ የሚያፈርሰው ዕቃም ስላለ፣ ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይሆናል።

በኅዳር 1922 ሃዋርድ ካርተር የንጉሥ ቱታንክሃሙንን መቃብር ባገኘ ጊዜ ሉካስ 55 ዓመቱ ነበር፤ ከመንግሥት ሥራ ሊሰናበትም ተቃርቦ ነበር። የዕረፍት ጊዜውን ለዚህ ሥራ ሰጥቶ መጣ። ላቦራቶሪ የሆነላቸው በአጠገቡ ያለው የዳግማዊ ሴቲ መቃብር ነው። በዚያም ሉካስ ከአርተር ሜስ ጋር ሆኖ ዕቃዎቹን እንደ በሽተኛ አንድ በአንድ ይቀበል ጀመር። ዶቃ የተሰካበት ጫማ ክሩ በስብሶ ሳለ ቅርጹ ብቻ ቀርቶ ቢገኝ፣ የቀለጠ ፓራፊን አፍስሰውበት ዶቃው ባለበት እንዲጸና ያደርጉት ነበር። በደረቀ አበባ ላይ ደግሞ የሟሟ ሴሉሎይድ ይረጩበታል። ከመቃብሩ የወጡት ከ5,000 በላይ ዕቃዎች ተጠናቀው ወደ ካይሮ እስኪላኩ ድረስ ሥራው እስከ 1932 ፈጀ።

ይህን ስንል ጥፋት አልተፈጸመም ማለታችን አይደለም። በንጉሡ ሬሳ ላይ የፈሰሰው ቅባት ደርቆ እንደ ሬንጅ ስለ ጠነከረ፣ በ1925 ሬሳውን ከወርቁ ሣጥን ለማላቀቅ በፀሐይ ቢያሞቁት አልሆነም፤ በመጨረሻም አካሉ ተቈራርጦ ወጣ። ሉካስም ከዚያ ቡድን አንዱ ነበር። ዛሬ ብዙዎች ይህን ሥራ ይነቅፉታል፤ እኛም የሚነቀፍ ነው እንላለን።

የሉካስ ታላቅነት ግን ለእውነት ባለው ታማኝነት ይታያል። ግብጻውያን ሬሳን ሲያደርቁ ናትሮን በሚባለው ጨው ውኃ ይዘፈዝፉታል ወይስ በደረቁ ይቀብሩታል የሚል ክርክር በሊቃውንት መካከል ነበረ። እርሱ በወሬ ከመከራከር ይልቅ ርግቦችን በሁለቱም መንገድ ፈትኖ በደረቁ መሆኑን በ1932 አስረዳ። ካርተር ከሞተ በኋላም በ1942 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ካርተር መቃብሩ በይፋ ከመከፈቱ በፊት በቀዳዳ ገብቶ ቀዳዳውን መሸፈኑን ገለጠ። የባልንጀራውን ስም ከማክበር ይልቅ የታሪኩን መዝገብ ማቃናት መርጧል።

ከ1923 ጀምሮ በግብጽ የጥንታውያን ቅርሶች መሥሪያ ቤት ኬሚስት፣ ኋላም አማካሪ ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ አገለገለ። በ1926 ያሳተመው ስለ ጥንታዊ ግብጽ የሥራ ጥሬ ዕቃዎች የሚናገረው መጽሐፍ፣ ከሞተም በኋላ እየታረመ የታተመ የተማሪዎች መመሪያ ነው። በታኅሣሥ 1945 በሉክሶር አረፈ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ስለ ግብጽ ብቻ አይደለም። በሰቆጣ አጠገብ ከአንድ አለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለን። በጎረቤታችን በላስታ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በ1950ዎቹ ዓመታት ከነዚህ አንዳንዶቹን ለማደስ ተብሎ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀቡ። ከ1966 ጀምሮ ጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒና ባልደረቦቹ ያን ቅብ እያነሡ ብዙ ደከሙ። የቀቡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ዳሩ ግን በጎ ፈቃድ ብቻውን ድንጋይን አያድንም።

እኛ የአርትስ ተማሪዎች የነገሥታቱን ስምና ዘመን እናጠናለን፤ የሳይንስ ባልንጀሮቻችን ደግሞ በላቦራቶሪያቸው ጨውና አሲድ ይመዝናሉ። አንዳችን ወደ ሌላው ደጃፍ አንደርስም። በዚህ መካከል የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ይላጣል፤ ብራናውም ይበላል። ሉካስ ሁለቱን ዕውቀት በአንድ ራስ ይዞ ነበር። እኛ በአንድ ራስ መያዝ ቢያቅተን እንኳ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አያቅተንም። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ሆይ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትወርዱ የደብራችሁን ግድግዳ አስተውላችሁ ተመልከቱ፤ ስትመለሱም ያያችሁትን ንገሩን።